የአማርኛ ክበብ ዘገባ፦ ርስት፣ ጉልት፣ ጉልማ

ክበቡ ዘንድሮ የሠራው የመሬት ስሞችን ሥር መለየት ነው። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ፣ በካርዱ ላይ አራት መስመር፦ ፍቺ፣ ግስ፣ ከዚያው ግስ የወጡ ዘመዶች፣ በመጨረሻም «ሰው የሚለው»። አራተኛው መስመር ለማስረጃ አይቆጠርም።

ብዙ ጊዜ የወሰዱት «ርስት» እና «ጉልት» ናቸው። መልካቸው አንድ ነው፤ «ርስተ ጉልት» ተብለውም ይጣመራሉ። የ«ርስት» ግስ «ወረሰ» ነው። በ«ወ» የሚጀምር ግስ እንዲህ ያለ ስም ሲወጣለት «ወ» ትወድቅና ከኋላ «ት» ትጨመራለች፤ ወለደ ልደት ይላል፣ ወረሰም ርስት። ቃሉን በ«ረ» ሥር የፈለገ ሁሉ ባዶ እጁን የተመለሰው ለዚህ ነው።

ይህን ብልሃት ይዞ ወደ «ጉልት» የሄደ ግን ይሳሳታል። እዚህ «ት» ጭማሪ ሳትሆን የግሱ ሦስተኛ ፊደል ናት፦ ጎለተ፣ ማለትም ተከለ፣ አስቀመጠ። ማረጋገጫው «ጉልቻ» ነው፤ «ት» ወደ «ች» ተለውጣ እዚያም አለች። ሻጮች መሬት ላይ ተጎልተው የሚሸጡበት ጉልትም ዘመዱ ነው። በፍቺም ይለያያሉ፤ ርስት በዘር የሚወረስ የመሬት መብት ሲሆን ጉልት በመሬቱ ላይ ካሉት ሰዎች ግብር የመብላት መብት ነበር። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ ያደገ ተማሪ «ጉልት» ሲባል ገበያው ቢመጣበት አይፈረድበትም።

«ጉልማ» ከቤተሰቡ አንዱ ለብቻው አርሶ እንዲጠቀምበት የሚሰጠው ቁራሽ ነው። ሦስተኛ ፊደሉ «መ» ስለሆነ ከ«ጉልት» ካርድ ጋር አይገባም።

«ጠፍ» ከ«ጠፋ» ነው። በቀድሞው የመሬት ግብር ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ነበሩ፤ ጠፍ ያልለማው ነው። ጤፍ «ከእጅ ስለሚጠፋ» ተባለ የሚለው አራተኛው መስመር ላይ ገብቷል።

በ«ቆላ» ክርክሩ ጠንክሮ ነበር፤ «ፀሐይ ስለሚቆላው» የሚሉ በዙ። ግዕዙን ማየት ነገሩን ለየው፦ አገሩ «ቈላ»፣ እህል መቁላት ግን «ቀለወ» ነው። በአማርኛ ድምፃቸው ገጠመ እንጂ ሥራቸው ሁለት ነው።