ስለ «ውዘሪንግ ሃይትስ»፦ ምስክሯን ሳንመረምር አንፍረድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤሚሊ ብሮንቴ ልቦለድ ስለ «ውዘሪንግ ሃይትስ» የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው መጽሐፉን ከልባቸው እንደሚወዱት ከአጻጻፋቸው ያስታውቃልና ይህን የምጽፈው ለማጣጣል አይደለም። ይሁን እንጂ ልቦለዱን ሁለት ሰዎችን፣ ሂትክሊፍንና ካትሪንን፣ አንድዶ የጨረሰ ፍቅር ብለው ከጠቀለሉት በኋላ ታሪኩን በካትሪን ሞት መዝጋታቸው አላስቻለኝም። ካትሪን የምትሞተው በ16ኛው ምዕራፍ ሲሆን መጽሐፉ ያሉት 34 ምዕራፎች ናቸው፤ ግማሽ መዝገብ ተነብቦ ውሳኔ ተሰጠ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ምሳሌ የማመጣው ሥራዬ ጥብቅና ስለሆነ ነው። ብዙ ዓመት ምስክር ስጠይቅ በመኖሬ፣ ታሪክ ሲነገረኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሐሳብ «ይህን የሚለው ማን ነው? ነገሩ ሲሆንስ የት ነበር?» የሚል ነው። ይህ መጽሐፍ ደግሞ ጥያቄው ካልተነሣበት የሚገባ አይመስለኝም። ስለ ሂትክሊፍና ስለ ካትሪን ፍቅር የምናውቀውን ከሞላ ጎደል ሁሉ የምትናገረው ኔሊ ዲን የተባለች የቤት ሠራተኛ ናት፤ የምትናገረውም በ1801 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ትረሽክሮስ ግሬንጅ የተባለውን ቤት ተከራይቶ፣ ብርድ መትቶት ለተኛ ሎክዉድ ለሚባል እንግዳ ነው። እሱ ከእርሷ ሰምቶ ጻፈ፣ እኛ ደግሞ እሱ የጻፈውን እናነባለን። በእኛ ሙያ ይህ የስሚ ስሚ ይባላል።

ኔሊ ታዲያ ዳር ቆማ የተመለከተች ሰው አይደለችም፤ ለዚህም ዘጠነኛው ምዕራፍ በቂ ማስረጃ ነው። መሽቷል። ኔሊ ወጥ ቤት ውስጥ የካትሪንን ወንድም ልጅ፣ ሕፃኑን ሄርተንን፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ እሹሩሩ ትላለች። ካትሪን ትገባና ኤድጋር ሊንተን ለጋብቻ እንደጠየቃት፣ እሷም እሺ እንዳለችው ትነግራታለች። ሂትክሊፍ ከትልቁ መቀመጫ መደገፊያ ጀርባ፣ ከእሳቱ ርቆ ግድግዳው ሥር ባለ አግዳሚ ላይ ጋደም ብሏል፤ ካትሪን አላየችውም። ኔሊ «ለምን ወደድሽው?» እያለች መስቀለኛ ጥያቄ ታወርድባታለች። ካትሪንም ወንድሟ ሂንድሊ ሂትክሊፍን ያን ያህል ባያዋርደው ኖሮ ኤድጋርን ማግባት እንደማታስብ፣ አሁን ግን ሂትክሊፍን ማግባት ክብሯን ዝቅ እንደሚያደርገው ትናገራለች። ይህን ጊዜ ሂትክሊፍ ተነሥቶ ኮቴውን ሳያሰማ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ካትሪን የሁለቱ ነፍስ ከአንድ ነገር እንደተሠራ የምትናገረውና «እኔ ሂትክሊፍ ነኝ» እስከ ማለት የምትደርሰው።

ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰውን ይህን ቃል እንግዲህ ባለቤቱ አልሰማውም። እሱ ይዞ የወጣው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ሲወጣ ያየችው ደግሞ ኔሊ ብቻ ናት፤ ደንግጣ ካትሪንን ዝም በይ አለቻት፣ ለምን ብላ ስትጠይቃት ግን የአሽከሩ የጆሴፍ ጋሪ እየመጣ ነው ብላ አለፈችው። እውነቱን የነገረቻት ቆይታ፣ ሂትክሊፍ ከጠፋ በኋላ ሲሆን፣ እሱም የተመለሰው ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በኋላም ካትሪን ክፍሏን ቆልፋ ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ስትቀመጥ፣ ባሏ ኤድጋር መጽሐፎቹ መካከል ተቀምጦ ምንም አያውቅም፤ ኔሊ ማስመሰል ነው ብላ አልነገረችውም ነበር። ይህን ሁሉ የምናውቀው ራሷ ስለተናገረች ነው፤ ስትናገረው ግን እንደ ጥፋት አድርጋ አይደለም።

ልቦለዱ በ1847 ኤሊስ ቤል በሚል የብዕር ስም ወጥቶ፣ ደራሲዋም በዓመቱ በ30 ዓመቷ ካረፈች በኋላ፣ እህቷ ሻርሎት ለ1850ው እትም በጻፈችው መቅድም ኔሊን የደግነትና የታማኝነት አብነት አድርጋ አቅርባታለች። በ1958 ደግሞ ጄምስ ሃፍሊ የተባለ ሐያሲ የታሪኩ ክፉ ሰው እሷው ናት ብሎ ተከራክሯል። እኔን ሁለቱም አላሳመኑኝም። እንደ ኔሊ ያለ ምስክር ችሎት ላይ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፦ አይዋሽም፤ ነገር ግን ነገሩ ሁሉ የደረሰው የእሱን ምክር ያልሰሙ ሰዎች ላይ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያስረዳው።

ጸሐፊው ፈጽሞ ያላነሡት ሌላው ጉዳይ ንብረት ነው። ሂትክሊፍ ሊቨርፑል ጎዳና ላይ ተርቦ የተገኘ፣ የካትሪን አባት አሮጌው ኧርንሾ 60 ማይል በእግሩ ተጉዞ በካፖርቱ ጠቅልሎ ያመጣው ልጅ ነው። የተሰጠው ስም በሕፃንነቱ የሞተ የቤቱ ልጅ ስም ሲሆን፣ ለአባት ስምም የሚያገለግለው ያው ነው፤ ከማንም የማይወርስ ሰው ማለት ነው። ሊበቀል ሲመለስ የመጣው በገንዘብ ነው። ሂንድሊ ለቁማሩ ሲል መሬቱን ክንድ በክንድ በመያዣ አስያዘለት፤ ሂንድሊ ሲሞት እርሻውም ቤቱም በአበዳሪው እጅ ገቡ፤ ወራሹ ሄርተንም በአባቱ ቤት ደመወዝ የሌለው አሽከር ሆኖ አደገ። አባቶቻችን ወለድ አገድ ሲሉት የኖሩትን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት የእንግሊዝን ሕግ ማጥናት አያሻውም።

የኤድጋርን ንብረት የወሰደበት መንገድ ግን ከዚህም የረቀቀ ነው። አስቀድሞ የኤድጋርን እህት ኢዛቤላን አገባ፤ ኤድጋር ወንድ ልጅ ስለሌለው፣ አባታቸው ባደረጉት የውርስ ድልድል ርስቱ ወደ ኢዛቤላ ልጅ የሚያልፍ ነበር። ተንቀሳቃሹን ሀብት ለመጨመር ደግሞ የኤድጋርን ልጅ (እሷም እንደ እናቷ ካትሪን ትባላለች) ቤቱ ቆልፎባት ከኢዛቤላ የወለደውን በሽተኛ ልጁን እንድታገባ አስገደዳት። በዚያ ዘመን፣ እስከ 1882ቱ ሕግ ድረስ፣ የሚስት ተንቀሳቃሽ ንብረት ለባል ነበርና ልጁ ከመሞቱ በፊት ያንኑ ለአባቱ ተናዘዘ። ኤድጋር አልጋ ላይ ሆኖ የልጁ የካትሪን ገንዘብ በባለአደራ እጅ እንዲቀመጥ ኑዛዜውን ሊለውጥ ግሪን የተባለውን ጠበቃ ቢያስጠራ ጠበቃው ዘገየ፤ ለካስ ለሂትክሊፍ ተሸጦ ኖሯል። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ስለነበረ የልብ ወለድ ሰው ቢሆንም፣ ስለ ሙያዬ አፍሬአለሁ። ይህን የውርስ ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት ተከትሎ ደራሲዋ ሕጉን አሳምራ እንደምታውቅ በ1926 ያሳየው ቻርልስ ፐርሲ ሳንገርም ጠበቃ ነበር።

«ፍቅሩ ነው ክፉ ያደረገው» ለሚሉት ጸሐፊ የሚመልስላቸው ራሱ ሂትክሊፍ ነው። በ14ኛው ምዕራፍ ኢዛቤላ የፍቅር ታሪክ ጀግና አድርጋ ስላየችው ይሳለቅባታል፤ አብራው ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ትንሿን ውሻዋን ሲሰቅል መሆኑን ኔሊ ፊት ያስታውሳታል። ስለ ካትሪን መንፈስና ስለ ነፋሱ ጸሐፊው በሚገባ ጽፈዋልና አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በመስኮቱ «አስገቡኝ» እያለች የምታለቅሰውን ሕፃን አንጓ ይዞ በተሰበረ መስተዋት ላይ የሚፈገፍገው፣ በሕልሙም ቢሆን፣ ጨዋው ሎክዉድ ነው።

ታሪኩን በካትሪን ሞት መዝጋት የጸሐፊው ጥፋት ብቻ አይደለም። በ1939 የተሠራው የዊልያም ዋይለር ፊልምም ሁለተኛውን ትውልድ ጨርሶ ትቶታል። ያ ሲቀር ግን አብሮ የሚጎድለው ሄርተን ነው። ከቤቱ በር በላይ «1500» የሚል ዓመትና «ሄርተን ኧርንሾ» የሚል የአያቶቹ ስም ተቀርጿል፤ እሱ ግን ሂትክሊፍ ሳያስተምር ስላሳደገው በራሱ ስም ሥር ሲወጣና ሲገባ ማንበብ አይችልም። በ24ኛው ምዕራፍ ወጣቷ ካትሪን በፈረስ ስትመጣ «አሁን ያንን ማንበብ እችላለሁ» ብሎ ስሙን እየቆራረጠ ያነብላታል። «ቁጥሮቹንስ?» ስትለው ገና እንዳላወቃቸው ይመልሳል፤ እሷም ትስቅበታለች። በ32ኛው ምዕራፍ ሎክዉድ በመስኮት አሻግሮ ሲያይ፣ ያቺው ልጅ ከጀርባው ቆማ ሄርተንን እያስነበበችው ነው፤ ዓይኑ ከገጹ ሸሽቶ ትከሻው ላይ ወዳረፈው እጇ በሄደ ቁጥር ያው እጇ ጉንጩን በጥፊ እየመታ ወደ ንባቡ ይመልሰዋል።

ለጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንዲጽፉ ዓምዱን ብትፈቅዱላቸው፣ ከዚህ ጥፊ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጠበቃ አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር