ቀይዋ ስዊች

ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጅማም እንደምታውቃት ናት። ዝናቡ ዘንድሮም አልሄድ ብሎ ሲያስቸግረን ከርሞ ገና አሁን ነው የለቀቀን። የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ያው ሄርማታ ሰፈር ነው፣ በሩን ብቻ ሰማያዊ ቀብቼዋለሁ።

ስድስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ስለ ራም ልጽፍልህ መቀመጤ እኔንም ያስቀኛል። ግን የጀመርከው አንተ ነህ። «ልጄ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፤ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ልግዛላት?» ብለህ ላክህብኝ። ሰላምታ የለ፣ ወቀሳ የለ። ከሥሩ ጥያቄ በጥያቄ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደውዬ ልመልስልህ ስልኩን አንስቼ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት። በስልክ የማይወጣልኝ አንድ ነገር አለ።

ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ ያልከውን ለመጨረሻ አቆየሁት። ስትደርስበት ለምን እንደሆነ ይገባሃል።

ከፕሮሰሰሩ፣ ከኮምፒውተሩ አእምሮ ልጀምር። የኢንቴልን ፕሮሰሰር «አይ ሰቨን ካልሆነ አልገዛም» ብለሃል። ተው ወንድሜ። «አይ ሰቨን ነው እኮ!» እያሉ ጠረጴዛዬ ላይ ከሚያሳርፉት ዕቃ ብዙው ጡረታ የደረሰ ነው። ሰባቱ ማዕረግ ነው፣ ዕድሜ አይነግርህም። ዕድሜውን የሚነግርህ ከሰረዟ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። አይ ሰቨን 7500ዩ የሚል ካየህ ሰባተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ውስጡም ሁለት ኮር፣ ሁለት ሠራተኛ በለው፣ ብቻ ነው ያለው። አይ ፋይቭ 8250ዩ ግን ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፣ አራት ኮር አለው። ማዕረጉ ዝቅ ያለው በሥራ ይበልጣል። ቁጥሩ በ10 ወይም በ11 ከጀመረ ደግሞ አስረኛና አስራ አንደኛ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ ማለት ናት። ለተማሪ እሷው ናት።

ከስምንተኛ በታች እንዳትወርድ። ይሄ የኔ ኩራት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው። ቲፒኤም 2.0 የምትባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። በአሮጌውም ላይ በዘዴ የሚጭኑ አሉ፣ እኔም ጭኛለሁ። ግን ለልጅህ አራት ዓመት የምትይዘውን ዕቃ በዘዴ አታስጀምራት። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ራይዘን ካጋጠመህም አትሽሽ፣ ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

ራም፣ የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዘው፣ ቢያንስ 8 ጊጋ። 4 ጊጋ ብራውዘር ከፍተህ፣ ወርድ ከፍተህ፣ አንድ ፒዲኤፍ ስትጨምርበት እጁን ይሰጣል። 16 ካገኘህ ሸጋ ነው። ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ «ራሙ ይጨመርበታል?» አንዳንዱ ቀጭን ላፕቶፕ ራሙ ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳ ላይ የተበየደ ነው፣ የገዛኸው ይዞህ ይቀራል። ክፍት ቦታ ካለው ግን ዛሬ በ8 ጀምራ ነገ ትጨምራለች። ስትጨምሩ ዓይነቱን እዩ። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 መሃላቸው ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በጉልበት ሊያስገባ ሞክሮ ሁለቱንም ሰብሮ የመጣልኝ አለ።

አሁን ዋናው፣ ፋይል የሚቀመጥበት። «1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ያለው ይሻላል ወይስ 256 ኤስኤስዲ?» ብለሃል። ኤስኤስዲ። ዓይንህን ሳታሽ፣ ኤስኤስዲ። ሃርድ ዲስክ ውስጡ ሳህን አለው፣ የላፕቶፕ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። እንደ ድሮው ሸክላ መርፌው እየሮጠ ነው የሚያነብልህ። አንዱን ፋይል እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ማዶ። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ልጅህ ደግሞ ኪቶ ፉርዲሳ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ከደረሳት ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በባጃጅ ነው የምትመላለሰው። አንዳንዱን መንገድ ታውቀዋለህ። ሳይጠፋ ታጥፎ ቦርሳ የገባ ላፕቶፕ ሳህኑ እየዞረ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር መርፌው ሳህኑን ሊጭረው ይችላል።

እዚህ አንዲት አስተማሪ ደንበኛ አለችኝ። ላፕቶፗን አብርታ ቡና ታፈላ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ሲያልቅ ነው ዊንዶውሱ ተከፍቶ የሚመጣላት። «አዲስ ልግዛ?» ብላ መጣች። ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች ፈትቼ ሃርድ ዲስኩን አወጣሁ፣ በቦታው 256 ኤስኤስዲ ገጠምኩላት። ፕሮሰሰሩ ያው፣ ራሙ ያው። በሳምንቱ መጥታ «ቡናዬን አስተውከኝ» አለችኝ።

ኤስኤስዲም ሁለት መልክ አለው። አንዱ እንደ ሃርድ ዲስኩ በሳታ ገመድ መስመር የሚሄድ ነው፣ በሰከንድ ወደ 550 ሜጋባይት ያነባል። ሌላው ማስቲካ የሚያክል ኤንቪኤምኢ ነው፣ 3500 የሚደርስ አለው። ለኖትና ለአሳይንመንት ልዩነቱን ልብ አትለውም። ላፕቶፑ የትኛውን እንደሚቀበል ብቻ አረጋግጥ። ማስቲካ የሚያክል ሆኖ በሳታ የሚሄድም ስላለ፣ መልካቸው ተመሳስሎ አንዱ የማይሠራበት አለ።

ግራፊክስ ካርድ፣ ለከባድ የምስል ሥራ የሚሆነው፣ አሁን አያስፈልጋትም። መጀመሪያ ዓመት ፍሬሽማን ናት፣ ዲፓርትመንት እንኳ አልመረጠችም። ሕክምና ትግባ ሕግ ማን ያውቃል? አርክቴክቸር ገብታ ሉሚዮን በሚባለው የሕንጻ ምስል ፕሮግራም ልሥራ ካለች ያኔ እንነጋገራለን፣ እሱ ያለ ካርድ አይሄድም። ከወዲሁ የጌም ላፕቶፕ ገዝተህ ሁለት ኪሎ ተኩል ብረት አታሸክማት።

ብራንድ? ቶሺባ ቶሺባ ትላለህ ዛሬም! ቶሺባ እኮ እ.ኤ.አ. በ2020 ከላፕቶፕ ሥራ ጨርሶ ወጥቷል፣ ዳይናቡክ በሚል ስም ሌሎች ይዘውታል። ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ፣ ቻርጀሩና መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኘውን ያዝ። በቃ።

ያገለገለ መግዛቱ አያሳፍርም፣ እኔም የያዝኩት ያገለገለ ነው። የኩባንያ ሠራተኛ ሲሠራበት የከረመ ላፕቶፕ ከአዲሱ ርካሽ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይጠነክራል። ግን ሻጩ ፊት ቆመህ ጊዜህን ውሰድ። አጥፍተህ አብራው። ገና ሲነሳ ፓስወርድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ከዊንዶውሱ በፊት ማለቴ ነው፣ ትተህ ሂድ። «እሱን እናስነሳዋለን» ቢሉህም ሂድ። ነጭ ገጽ ክፈትና ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ፈልግ። ኪቦርዱን ፊደል በፊደል ምታው። ክዳኑን ከፍተህ ዝጋው፣ ማጠፊያው ሲንቋቋ ስማው። ባትሪውን በቃል አትመን፣ ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። እዚያ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው ጎን ለጎን ይጻፋሉ። 50 ሺህ የነበረው 20 ሺህ ከሆነ ባትሪው ጨርሷል፣ ዋጋ ቀንስ በል። ክሮምቡክን ደግሞ እንደ ሌላው ላፕቶፕ ነው ብለው እንዳይሸጡልህ። ቆንጆ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ብዙው የሚይዘው ጥቂት ነው፣ ዊንዶውስም አይደለም።

አዲስ አበባ ገዝተህ ትላክላት ወይስ እዚህ ትግዛ? አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው። ግን ዕቃው በሳምንቱ ቢበላሽ ሻጩ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ዋጋ አልጽፍልህም፣ ደብዳቤው እስኪደርስህ ይለወጣል።

እና ላጲስ ይዛ ትምጣ። ቀልድ አይደለም። የዚህን አገር እርጥበት ረስተኸዋል መሰለኝ። ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ላፕቶፕ መስከረም ላይ ሲበራ ይጮሃል እንጂ ስክሪኑ አይመጣም። ግማሹ ማዘርቦርዱ ሞቷል ብሎ እያለቀሰ ነው የሚመጣው። ባትሪውን ነቅሎ ራሙን አውጥቶ ቢጫዋን ጥርሱን በላጲስ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ብናኙን እፍ ብሎ መመለስ። ብዙ ጊዜ ይነሳል። እኔ ለዚህ ገንዘብ እቀበላለሁ። ለአንተ ልጅ ግን ምስጢሩን በነጻ ሰጠሁ።

እሺ። ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ።

ላፕቶፕ። ዶርም ውስጥ ዴስክቶፕ የት ታስቀምጠዋለች? መብራት ሲሄድም ባትሪው እንደ ዩፒኤስ ይሆንላታል። ሙሉው መልስ ይሄ ነው፣ ለማቆየትም አያበቃም ነበር።

ያቆየሁት ዴስክቶፕ የሚለውን ቃል ስጽፍልህ የሚሰማኝን ስለማውቅ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ከአሜሪካ የመጣውን ዴስክቶፕህን «ዊንዶውስ ጫንልኝ፣ የድሮውን ሃርድ ዲስክም ግጠምበት» ብለህ አስቀምጠህልኝ ወደ አዳማ ሄድክ። በማግስቱ ሃርድ ዲስኩን ውስጡ አስቀመጥኩ፣ ገመዱን ገና አልሰካሁለትም ነበር። መጀመሪያ ባዶውን ይነሳ እንደሆነ ልየው ብዬ ሶኬቱ ላይ ሰካሁት።

ቷ! አለ። እንደ ርችት። የሱቁ መብራት ጠፋ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፈነኝ። ከጎኔ ያለው ልብስ ሰፊ ሮጦ ገባ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ከኋላው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ጥፍር የምታህል ቀይ ስዊች ነበረች። በአንድ በኩል 115፣ በሌላ በኩል 230 ይላል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። በካቻቢቴ ጫፍ ወደ 230 መግፋት ነበረብኝ። አንድ ሰከንድ። አላየሁም። ዞሬ አላየሁም።

ለአንተ «መብራት ከፍ ብሎ መጥቶ አቃጠለው፣ ሁሉም ሄዷል» አልኩህ። አንተም «ያንተ ጥፋት አይደለም፣ አይዞህ» አልከኝ። ብትቆጣኝ ኖሮ ያኔውኑ እነግርህ ነበር። «አይዞህ» ስትለኝ አፌ ተያዘ። ከዚያ አንተ ስትደውል አላነሳሁም፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ያው ስድስት ዓመት ሆነ።

የባሰው ደግሞ፣ ያኔ ሥራውን ገና መጀመሬ ስለነበር ማዘርቦርዱም አብሮ የሞተ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያው ስዊች የተቃጠሉ ሁለት ዴስክቶፖች መጥተውልኛል። በሁለቱም የሞተው ፓወር ሰፕላዩ፣ መብራቱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ሳጥን ብቻ ነበር፣ ሲቀየር ተነሱ። ያንተን ሳልሞክረው ለቆራሌው ሰጠሁት።

ሃርድ ዲስኩን ግን አልሰጠሁም። መሳቢያ ውስጥ ከብሎን ጋር ሲንከባለል ኖሮ፣ ቴክስትህ የመጣ ዕለት ማታ አወጣሁት። በዩኤስቢ ኬዝ አድርጌ ሰካሁት። እየተንቀጠቀጥኩ። ትንሽ አጉረመረመና ተከፈተ። 500 ጊጋ የሚል ተለጥፎበት 465 ነው የሚያሳየው፣ አንተም አይተህ ማን ነካው እንዳትል። ፋብሪካው በሺህ ነው የሚቆጥረው፣ ዊንዶውስ በ1024፤ የጎደለ የለም።

ፎቶዎቹ አሉ። እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ በራቸው ላይ ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ሲለቅሙ። የሠርግህም አለ። ሁለት ቦታ ኮፒ አድርጌያቸዋለሁ፣ ዋናውን ዲስክ ልጅህ ስትመጣ እሰጣታለሁ።

መናኸሪያ ስትደርስ ትደውልልኝ፣ ዕቃዋን ይዤ ግቢ አደርሳታለሁ። ላፕቶፑን አንተ ግዛ፣ ኤስኤስዲውና ራሙ በእኔ ነው። እንቢ እንዳትለኝ፣ የአንድ ፓወር ሰፕላይ ዕዳ አለብኝ።

ከፎቶዎቹ በአንዱ ቦዬ ሐይቅ ዳር ቆመናል፣ አንተ ጫማህን አውልቀሃል። ከኋላችን አፉን ከፍቶ የሚስቅ ልጅ አለ። ማን እንደሆነ ጨርሶ ጠፋኝ። አንተ ታስታውሰዋለህ?

ወንድምህ፣
ከሄርማታ