የቁርስ ሰዓት መራዘሙን ስለማሳወቅ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

ጤና ይስጥልን። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማ አስተዳደሩ ሲካሄድ መቆየቱን ታውቃላችሁ። ከዚያ በፊት በበጎ አድራጎት ይደረስላቸው የነበሩት እጅግ የቸገራቸው ልጆች ብቻ ነበሩ፤ በረሃብ ክፍል ውስጥ የሚዝለፈለፍ ልጅም ለመምህራን እንግዳ አልነበረም። ዛሬ ማዕዱ ለሁሉም ተዘርግቷል። ምሳ ላይ አዳራሹ ጢም ይላል፤ ጠዋት ግን ብዙ ወንበር ባዶ ነው።

ዋናው ምክንያት መንገድ ነው። ከመሀል ከተማው ካዛንችስ በከተማዋ ዳር ወዳለው ገላን ጉራ የተዛወሩ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ከእኛ ዘንድ አላስለቀቁም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የታክሲ ሰልፍ የጠበቀ ልጅ ግቢ ሲደርስ ምግቡ ተነሥቷል። ከሁሉም በላይ ቁርስ የሚያስፈልገው ደግሞ እርሱ ነው።

ስለዚህ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር በመመካከር፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ቁርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል እንዲቀርብ ወስነናል። ያረፈደ ተማሪ በቅድሚያ ይበላል፤ ስለ ማርፈዱ ከእናንተ ጋር እንነጋገራለን። ይህ ማርፈድን ያለማምዳል ብለው የተከራከሩኝ መምህራን አሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ታክሲ አይነዳም። ጫናው የበረታው ምግቡን አብስለው በሚያቀርቡት መጋቢ እናቶች ላይ በመሆኑ ሥራቸውን በፈረቃ አድርገነዋል።

ሌላም ጉዳይ አለ። «ልጄ ቤቷ ምን ጎድሎባት ነው?» የምትሉ ወላጆች ጥቂት አይደላችሁም። ቤታችሁ ሙሉ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ያላቸው ልጆች ከገበታው በራቁ ቁጥር የሚቀርቡት «የደሃ ልጅ» የሚል ስም ይወጣላቸዋል፤ ያን ስም ፈርተው ጾማቸውን ክፍል የሚገቡ አሉ። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ ኩራቱ ይብሳል። ቤት የቀመሰች ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ትንሽ ብትቆርስ ምንም አትጎዳም።

በጾም ቀናት የሚቀርበው ምግብ የጾም ነው። ልጃችሁ የማይስማማው ምግብ ወይም አለርጂ ካለበት፣ እስከ ዓርብ ድረስ ለክፍል ኃላፊው መምህር በጽሑፍ አሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር