የትኛው ካሣ?

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ይሁንና ስለ ዝምታዬ ምክንያት ስደረድር ወረቀቱን ከምጨርስ፣ ታላቁ ልጅህ አንሥቶት አንተ ወደ እኔ ያስተላለፍኸውን ጥያቄ ብመልስ ይሻላል። ልጁ «መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡት ካሣ ኃይሉ እንዴት ሆነው ነው በ1928 ዓ.ም. ተምቤን ላይ ከጣሊያን ጋር የተዋጉት?» ብሎ ሲጠይቅህ በሳቅ እንደ ሞትህ ጽፈህልኛል። እኔ ግን አልሳቅሁም። የሰውየው ስም አንድ፣ የአባትየው ስም አንድ፣ ሁለቱም ጦር መሪ፤ የቤተሰብ ስም በማናውቅ በእኛ ዘንድ አንድ ሕፃን ሁለቱን በምን ይለያቸው? እንዲያውም በመካከላቸው ሦስተኛ ካሣ ስላሉ ነገሩ እሱ ከጠረጠረው በላይ የተወሳሰበ ነው።

የመጀመሪያው ካሣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት የቋራው ካሣ፣ የኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ልጅ ናቸው። የእሳቸውን ታሪክ ለአንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን ሽፍትነታቸውን አልፌ ስሙ ላይ ልቁም። እኒህ ሰው ደጃዝማች ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ ራስ ዓሊን በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ፣ ደጃዝማች ውቤን ደግሞ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ያደረጉት በካሣነታቸው ነው። ከመጨረሻው ድል በኋላ ግን ብዙም ሳይውሉ ሳያድሩ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰናዱት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጭነው ቴዎድሮስ ተባሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ለሌላ ሰው የተዘጋጀ እንደ ነበረ ሁሉ ስሙም ባለቤት የነበረው ነው፤ ከ400 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የዐፄ ዳዊት ልጅ ቀዳማዊ ቴዎድሮስ ነግሠው ለአጭር ጊዜ ብቻ ገዝተው አልፈዋል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የሚያስበው ያለፉትን ንጉሥ አልነበረም። በፍካሬ ኢየሱስ፣ በትንቢቱ መጽሐፍ፣ ቴዎድሮስ የተባለ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ተነግሮ ስለ ነበር አገሩ ሁሉ የሚጠብቀው የሚመጣውን ነበር። ለእኔ እንደሚመስለኝ ካሣ ይህን ስም የመረጡት ለቀድሞው ንጉሥ መታሰቢያ እንዲሆን ሳይሆን፣ ያ የሚጠበቀው ሰው ሌላ እንዳይሆን ቀድመው ለመያዝ ነው።

ሁለተኛው ካሣ የተምቤኑ ሹም የምርጫ ልጅ ናቸው፤ ለእኔ ከሦስቱ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የእሳቸው መንገድ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ዙላ ወርዶ ወደ መቅደላ ሲያቀና፣ ትግራይን የያዙት ካሣ ምርጫ ጦሩን በሰላም አሳለፉት፤ ስንቅ የሚገዛበትንም መንገድ ከፈቱለት። ስለዚህ አንደኛው ካሣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ለገደሉበት ዘመቻ በሩን ያልዘጉት ሌላው ካሣ ናቸው ማለት ነው። ይህን እንደ ክህደት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ በዚያን ጊዜ ቴዎድሮስ የሚያዙት አገር ከመቅደላ አምባና ከዙሪያው ብዙም የማያልፍ ነበርና፣ ካሣ ምርጫ ይገዙላቸው ነበር ማለት ያስቸግራል። እንግሊዞች ሲመለሱ መድፍና ጠመንጃ ከነጥይቱ ትተውላቸው ሄዱ። ያ መሣሪያ የተተኮሰው በማን ላይ መሰለህ? ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በነገሡት በዋግሹም ጎበዜ ላይ ነው። ጎበዜ ደግሞ የካሣን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫን ያገቡ አማች ነበሩ። በ1863 ዓ.ም. ክረምት ዐድዋ አጠገብ አማቾቹ ገጠሙ፤ በቁጥር የሚበልጠው የጎበዜ ጦር ተሸነፈ፣ ንጉሡም ተማረኩ። ከዚያም ካሣ ጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ጽዮን ላይ ነግሠው ዮሐንስ ተባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «አራተኛ» የተባሉት ሦስት ዮሐንሶች ቀድመዋቸው ስለ ነበረ ነው፤ ሦስተኛው ዮሐንስም ጎንደር ላይ ሥልጣን የሌለውን ዘውድ የተሸከሙት፣ የእቴጌ መነን ባል ናቸው። የቋራው ካሣ ያገቧት ተዋበች ዓሊ ደግሞ የመነን የልጅ ልጅ ናት። ስለዚህ ሁለተኛው ካሣ ዮሐንስ ከመባላቸው አስቀድሞ አንደኛው ካሣ ለዮሐንስ አማች ሆነው ነበር። ይህን ለልጅህ አሁን አትንገረው፤ ከነገርኸው ጨርሶ ይጠፋዋል።

በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ግን አልተምታታባቸውም፤ ምክንያቱም ጦረኛን በፈረሱ ስም ይጠሩት ነበር። አንዱ አባ ታጠቅ፣ ሌላው አባ በዝብዝ። ደግሞም አንዱ መይሳው ካሣ፣ ሌላው በዝብዝ ካሣ። ነጋሪት ሲጎሰምና አዝማሪ ሲገጥም የሚሰማው ይህ ስለ ነበረ የአባት ስም መጥራት እንኳ አያስፈልግም ነበር። የዛሬዎቹ የትምህርት መጻሕፍት የፈረሱን ስም እንደ ጌጥ ቆጥረው ሲተዉት፣ መለያውን አብረው እንደ ጣሉት ያስተዋሉ አይመስለኝም።

ልጅህን ያሳሳቱት ሦስተኛው፣ ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው። የተወለዱት በ1873 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ማለት ቴዎድሮስ ከሞቱ 13 ዓመት በኋላ፣ ዮሐንስም ገና ዙፋን ላይ ሳሉ። አባታቸው የላስታው ባላባት ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ ናቸው፤ እናታቸው ግን የሸዋው የራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለሆኑ፣ ማዕርጉም የሰላሌ ግዛትም የመጣላቸው በእናታቸው በኩል ነው። «ካሣ ኃይሉ ዳርጌ» እየተባሉ የሚጠሩትም ከዚህ የተነሣ ነው። ራስ ዳርጌ ራሳቸው ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ከምኒልክ ጋር ተማርከው መቅደላ የታሰሩ ሰው ናቸውና፣ የአንዱ ካሣ ኃይሉ እስረኛ ለሌላው ካሣ ኃይሉ አያት ሆኑ።

እኒህኛው ካሣ አልነገሡም፤ ስማቸውንም አልለወጡም። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር የጦሩ የበላይ አዛዥ ሆነው ተምቤን ላይ ሁለት ጊዜ ሲዋጉ፣ ከጎናቸው የተሰለፉት ራስ ሥዩም መንገሻ የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ነበሩ። እንግዲህ በካሣ ምርጫ አባት አገር ላይ የካሣ ምርጫ የልጅ ልጅና ካሣ ኃይሉ አንድ ምሽግ ይዘው ከአውሮፕላን የሚወርደውን ቦምብና የመርዝ ጢስ ተቀበሉ። ከማይጨው በኋላ ራስ ካሣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ ልጆቻቸው ወንድወሰን፣ አበራና አስፋ ወሰን አገር ውስጥ ቀርተው ሲዋጉ ሦስቱም በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። አበራና አስፋ ወሰን ፍቼ ላይ እጃቸውን እንዲሰጡ መካከል ገብተው ያግባቡት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ይህ ደግሞ ሌላ ኃይሉ ነውና ልጅህ የካሣ አባት ናቸው ብሎ እንዳይጽፍ አደራ። አባት ከስደት በ1933 ዓ.ም. ተመልሰው እስከ 1949 ዓ.ም. ኖረዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቅነታቸውን የሚያነሣ ብዙ ነው፣ እኔ ግን ምስላቸውን ባየሁ ቁጥር ስለ ሦስቱ ልጆች ሳላስብ አላልፍም።

ለልጅህ የምትነግረው ይህን ነው፦ በደብተሩ ላይ አያቱን ጨምሮ ይጻፍ። ካሣ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ መቅደላ ላይ የሞቱት ናቸው፤ ካሣ ኃይሉ ወልደ ኪሮስ ተምቤን ላይ የተዋጉት ናቸው። መጽሐፉ ግን «ወልደ ኪሮስ» አይልለትም፤ «ዳርጌ» ነው የሚለው። ስለዚህ ዳርጌ በእናት በኩል አያት መሆናቸውን ከዳር ላይ ያስፍርልኝ። መምህሩ ከተከራከረው ይህን ደብዳቤ ያሳየው፤ የዐድዋውን ጦርነት በተመለከተ ግን ከ1888ቱ ጋር እንዳያደባልቀው አንተ ራስህ አስረዳው፤ የአማቾቹን ውጊያ ያነሣሁት እኔ ነኝና በኋላ እንዳልወቀስ።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። መልስህን እጠብቃለሁ።

አክባሪ ወዳጅህ