ወደ ቀኝ የሚፈታው ብሎን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ ባሉት የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች ጥግ ላይ አቧራ ጠጥተው የተጣሉትን የእጅ ድሪሎች አንሥቶ ለሚያይ ሰው፣ ሞተራቸው ደኅና የሆነ ብዙ ያገኛል። የታመመው ቻካቸው ነው፤ ፑንታውን፣ ማለትም የመብሻውን ብረት፣ በሦስት መንጋጋ የሚነክሰው፣ ያለ ቁልፍ በእጅ እየተጠመዘዘ የሚጠብቀው የፊት አካል። ቻኩ አልከፈት ሲል ወይም ፑንታ አልይዝ ሲል “ድሪሉ ሞቷል” ይባላል። ከዚህ የከፋም ፍርድ አለ፤ ቻኩ እየተፈታ ሲያስቸግር ከሚያዞረው ዘንግ ጋር በብየዳ ይጣበቃል። እባካችሁ ይህን ሥራ ተዉት። የብየዳው ሙቀት ከቻኩ ኋላ ባለው ኩሽኔታ ውስጥ ያለውን ግሪስ ያቃጥላል፣ የኩሽኔታውን መሸፈኛ ላስቲክ ያቀልጣል፤ የቻኩ ፕላስቲክም አብሮ ይሄዳል። ቻኩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲበላሽ ደግሞ የሚወልቅበት መንገድ የለም፤ ያኔ ድሪሉ በእርግጥ ይሞታል።

ለብየዳ የሚያደርሰው ነገር አንዲት ጣት የማታክል ብሎን መጥፋቷ ወይም መላላቷ ነው። መንጋጋዎቹን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ በባትሪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። መጀመሪያ የሚታየው አቧራ ነው፤ በቀጭን ብሩሽ ሲጠረግ ከሥሩ የብሎን ራስ ብቅ ይላል፣ ባለ መስቀል ወይም ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ። ወደ ኋላ የማይዞሩ አሮጌ ድሪሎች ላይ ላይኖር ይችላል። ወደፊትም ወደ ኋላም የሚዞር ድሪል ላይ ቦታው ባዶ ከሆነ ግን ችግሩ ተገኝቷል።

ይህ ብሎን የግራ ጥርስ ነው። የሚፈታው ወደ ቀኝ፣ የሚጠብቀው ወደ ግራ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቻኩ ራሱ በዘንጉ ላይ የታሰረው በተለመደው የቀኝ ጥርስ ስለሆነ፣ ድሪሉ ወደ ኋላ ሲዞር ሊፈታ ይፈልጋል። ሊፈታ ሲሞክር ብሎኑን ይዞት ይዞራል፤ ያ አዟዟር ግን ለግራ ጥርስ ብሎን መጥበቂያው ነው። አንዱ ሊያመልጥ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ይህን የማያውቅ ሰው “ወደ ግራ ይፈታል” ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያጠብቅ ይውላል፤ የብሎኑ ራስ ይላጣል፣ ካቻቢቴውም ይሰበራል።

ብሎኑ ከፋብሪካ ሲመጣ በማጣበቂያ ታሽጎ ይሆናልና ወደ ቀኝ ተሞክሮም እንቢ ካለ፣ የሬዲዮ ጠጋኞችን መበየጃ አግላችሁ ጫፉን አንድ ሁለት ደቂቃ በብሎኑ ራስ ላይ አሳርፉት። ማጣበቂያው በሙቀት ይለሰልሳል። የእሳት ነበልባል ግን አታስጠጉ። ራሱ ቀድሞ ተልጦ ከሆነ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ፑንታ በሌላ ድሪል አስገብታችሁ መካከሉን ብሱት። እዚህ ላይ የግራ ጥርስነቱ ለእናንተ ይሠራል፦ ፑንታው ወደ ቀኝ እየዞረ ሲነክሰው ብዙ ጊዜ ብሎኑ ሳይበሳ ራሱ እየተፈታ ይወጣል።

ብሎኑ ከወጣ በኋላ ቻኩን ማውለቅ የአንድ ምት ሥራ ነው። ድሪሉን አንደኛ ማርሽ ላይ አድርጉ። 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ስድስት ጎን የኤል ቁልፍ አጭር እግሩን በቻኩ አስነክሱትና አጥብቁ። ቻኩን ከፊት ለፊት እያያችሁ ረጅሙ እግር በግራችሁ በኩል አግድም ይተኛ፤ ከዚያ በጎማ መዶሻ ወደ ታች አንድ ፈጣን ምት። በእጅ ቀስ እያሉ መግፋት አያዋጣም፤ ጉልበቱን ማርሹ ይጠጣዋል። ድንገተኛው ምት ግን ማርሹ ሳይነቃነቅ የታሰረውን ጥርስ ያላቅቀዋል።

አንድ ነገር ከዚህ በፊት መነገር ነበረበት። ይህን ሁሉ የምትሠሩት ሶኬቱ ተነቅሎ ወይም ባትሪው ወጥቶ ነው። “መብራት የለም” ብሎ ሶኬቱን ሳይነቅል የሚጀምር አለ። ብዙ ድሪሎች ጣት ሳይነካቸው እንዲዞሩ የሚያደርግ መቆለፊያ ቁልፍ አላቸው፤ እሱ እንደተጫነ ከቀረና መብራት ድንገት ከተመለሰ፣ ቻኩ ውስጥ ያለው የብረት ቁልፍ የሰው ክንድ ይሰብራል።

አዲስ ቻክ ለመግዛት ስትሄዱ ድሪሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሆነም የዘንጉን ጥርስ ለኩ። በገበያ በብዛት ያሉት ሁለት ናቸው። አንዱ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ የሚቆጠርበት ነው፤ ሌላው ሦስት ስምንተኛ ኢንች ሆኖ 24 ጥርስ ያለው ነው። በካሊፐር ሲለኩ የመጀመሪያው 12.7፣ ሁለተኛው 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥርሱ ትንሽ ካለቀ ንባቡ ዝቅ ይላል። የዘንጉ ጥርስ አጭር ስለሆነ ሙሉ ኢንች አይገኝም፤ በግማሹ ቁጠሩ፦ 10 ወይም 12። ቻኩ ላይ “13” ወይም “10” የሚለው ቁጥር የሚይዘው የፑንታ ውፍረት እንጂ የጥርሱ መጠን አይደለም፤ ሰው ባለ 13 ቻክ ገዝቶ እየተመለሰ አልገጥም የሚለው በዚህ ስሕተት ነው።

ይሁንና አብዛኛው ቻክ መውለቅም መቀየርም የለበትም፤ መታጠብ ብቻ ነው የሚፈልገው። የኮምቦልቻው ደረቅ አቧራና የደሴው የክረምት ጉም የየራሳቸው በሽታ አላቸው፤ አንዱ ይደፍናል፣ ሌላው ያዝጋል። ሁለቱ ሲገናኙ የሲሚንቶው ብናኝ እርጥበት ጠጥቶ መንጋጋዎቹ በሚንሸራተቱበት ቀዳዳ ውስጥ ይጋገራል። ያኔ ቻኩ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ይቆማል፣ ወይም ፑንታ ነክሶ አልለቅም ይላል።

ድሪሉን በጎኑ አስተኝታችሁ በእያንዳንዱ መንጋጋ ጎን ሦስት ሦስት ጠብታ ነጭ ጋዝ አንጠባጥቡ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ተዉት፤ እዚህ አገር ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ከዚያ አንገቱን ዙሪያውን በእንጨት እጀታ ቀስ ቀስ እያላችሁ ኳኩ። የኋላውን ቀለበት የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠቅልላችሁ በሞርሳ ያዙ፤ የፊቱን በሌላ የጎማ ቁራጭ ጨብጣችሁ ቀስቱ ወደሚያሳየው መክፈቻ አዙሩ። የፊት ቀለበት ብቻ ያለው ከሆነ ዘንጉን ድሪሉ ራሱ ይቆልፈዋል። በቱቦ መፍቻ ፕላስቲኩን መንከስ ማለት አዲስ ቻክ መግዛት ነው፤ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ቀለበትም በማጣበቂያ ቢጣበቅ የማጥበቂያውን ጉልበት አይችልም።

ሲለቅ ቻኩን ወደ ታች አዙራችሁ አራት አምስት ጊዜ እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ዝጉ። ጥቁር ጭቃ ይወርዳል። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በአየር አስነፉት፤ ዓይናችሁን በመነጽር ጋርዱ። ነጭ ጋዙ ሳይደርቅ ሞተሩን አታስነሡ፤ የካርቦኑ ብልጭታ በአየር ማስገቢያው ሲታይ ታውቁታላችሁ፣ ከጋዝ ጋር አይዋደድም። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ መንጋጋ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት። አንድ ብቻ! ከመኪና የተገለበጠ የተቃጠለ ዘይት የሚያፈስሱበት አሉ፤ ቻኩ ለአንድ ቀን ቅቤ ይሆናል፣ በሳምንቱ ግን ዘይቱ ብናኙን ይዞ እንደ ሞረድ መንጋጋውን ይበላዋል። ዘይት የነካው ፑንታም ይንሸራተታል፤ ከማስገባታችሁ በፊት እግሩን በጨርቅ ጥረጉት።

ፑንታ እየተንቀጠቀጠ ሲዞር ቻኩን ከመክሰስ በፊት ባዶውን አስነሡት። የቻኩ አካል ራሱ ከተወላገደ፣ ወይ ዘንጉ ታጥፏል ወይ በጥርሱ መካከል ቆሻሻ ተቀምጧል። አካሉ ቀጥ ብሎ ከዞረ ግን ፑንታውን በመስታወት ላይ አንከባልሉት፤ የታጠፈ ከሆነ ይዘላል። ፑንታው ደኅና ከሆነ ቻኩን ሙሉ በሙሉ ዝጉና ሦስቱን ጫፎች እዩ። እኩል ተገጣጥመው አንድ ነጥብ ላይ ካልተገናኙ አንዱ መንጋጋ ከወንድሞቹ ቀድሟል ወይም ጫፉ አልቋል። ቀጫጭን ፑንታዎች ደግሞ በሁለት መንጋጋ መካከል ገብተው ይያዛሉ፤ ያ የቻኩ ጥፋት አይደለም፣ የቸኮለ እጅ ነው።

ፈትቶ ውስጡን ማየት የመጨረሻው አማራጭ ነው። እየተጫኑ የተገጣጠሙ አካላት ስለሆኑ በተፈቱ ቁጥር ይላላሉ። ሥራው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩ። አሠራራቸው ይለያያል፣ በብዛት በምናየው ግን ከፊት ያለው ቀጭን የብረት ቆብ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ዙሪያውን በጥቂት በጥቂቱ ሲነሣ ፕላስቲኩ ወደፊት ይወጣል። ከሥሩ የብረት ቀለበት አለ፤ እሱ ሲገፋ አንድ ዳዶ ለሁለት ተከፍሎ ይወድቃል። አትደንግጡ፣ አልሰበራችሁትም። ይህ ዳዶ ፋብሪካው ውስጥ ሆን ተብሎ የተሰበረ ነው። በመጋዝ ስላልተቆረጠ የስብራቱ ፊት እንደ ተሰበረ ገል ሸካራ ነው፤ ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙትም በአንድ አኳኋን ብቻ ነው። ሳይወጡ በፊት በማርከር ምልክት አድርጉባቸው። ከኋላቸው ያሉትን ጥቃቅን ኳሶች ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉ።

ሦስቱ መንጋጋዎች ሲወጡ መንትያ ይመስላሉ። አይደሉም። ጀርባቸው ላይ ያለው ጥርስ የሚጀምርበት ቦታ በአንድ ሦስተኛ እርምጃ ይለያያል፤ አንዱ ዳዶ ሲዞር ሦስቱንም እኩል የሚገፋቸው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህም 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ተመትቶባቸው ታገኛላችሁ። ቁጥር ከሌለ ጫፎቻቸውን እኩል አድርጋችሁ ጎን ለጎን አስተኟቸው፤ የጥርሱ መስመር እንደ ደረጃ ዝቅ እያለ ሲሄድ ይታያል። እያንዳንዱን በወጣበት ቀዳዳ መልሱ፣ ቀዳዳውንም ሳይወጣ በፊት ምልክት አድርጉበት። ሁለቱን ብታቀያይሩ ቻኩ ይገጥማል፣ ይዞራልም፤ ፑንታ ግን በሁለት ጫፍ ብቻ ይይዛል። ስትገጥሙ ሦስቱንም ጫፍ ከአፉ እኩል ገፍታችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ የዳዶውን ግማሾች አልብሱ። ግሪስ የምስር ፍሬ ያህል ለኳሶቹና ለዳዶው ጥርስ ይበቃል። ቀለበቱን በሞርሳ፣ ግራና ቀኝ እንጨት አድርጋችሁ፣ ሳይጋደል ግፉት። ሦስት ሰያፍ መንጋጋ ያለውን ባለ ቁልፍ ቻክ አሜሪካዊው አርተር ጃኮብስ በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ቁልፉ ቀርቶ እጅ ቢተካውም የውስጡ ብልሃት ብዙም አልተለወጠም።

የወሎ ድንጋይ ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። የምንገነባበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። በቁልፍ አልባ ቻክ፣ የመዶሻ ምልክት ላይ አድርጎ ይህን ድንጋይ ለመብሳት መታገል ቻክ መግደያ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ድሪል ውስጥ ምቱ የሚመጣው ሁለት ጥርሳም ዲስኮች እየተፋጩ በሚፈጥሩት ንዝረት ነው፤ ንዝረቱ በመንጋጋዎቹ በኩል ያልፋል፣ ያላላቸዋል፣ ወይም ጭራሹን አጥብቆ ይቆልፋቸዋል። ለብሎኬትና ለጡብ ይበቃል። ለመሠረት ድንጋይ ኤስዲኤስ የሚባለውን ተጠቀሙ፤ በእሱ ፑንታው በመንጋጋ አይጨበጥም፣ እግሩ ላይ ባሉት ቦዮች ይንሸራተታል፣ ፒስተኑም የሚመታው ፑንታውን እንጂ ቻኩን አይደለም። ኮርኒስ ስትበሱ ደግሞ የፕላስቲክ ኩባያ ቂጡን በስታችሁ በፑንታው ላይ አጥልቁት፤ ብናኙን እሱ ይቀበላል።

ለዕቃ መለዋወጫ ነጋዴዎች አንድ ልመና አለን። ቻክ ስትሸጡ የግራ ጥርስ ብሎኑን አብራችሁ ሽጡ፣ ለብቻውም አምጡ። ብሎኑ የጠፋበት ሰው ያገኘውን ተራ ብሎን በግድ እያስገባ የዘንጉን ቀዳዳ ጥርስ ይፈጨዋል፤ ያ ጥርስ ከተፈጨ በኋላ ትክክለኛው ብሎን ቢገኝም የሚነክሰው ነገር አይኖርም።

የእጅ መሣሪያ ጥገና ባለሙያዎች
ከደሴና ከኮምቦልቻ