ያን ቪዲዮ ታስታውሰዋለህ?

ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ልጆቹስ አደጉ? ጠፍቼብሃለሁ፣ አውቃለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያወራነው የእናትህ ሙት ዓመት ሰሞን ነበር፤ ከዚያ ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ያስጻፈኝ አንድ ነገር አለ። ያኔ ከአትላንታ የላክልኝን ቪዲዮ ታስታውሰዋለህ? ፖሊሶቹ አንዱን መኪና ሲያባርሩት ቆይተው መጨረሻ ላይ ከኋላ ገጭተው ያሽከረከሩት። «ፖሊስ ማለት እንዲህ ነው» ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም «የኛዎቹ እንዲህ በሆኑ» ብዬ መለስኩልህ። ያን ቃሌን መልሼ ልወስድ ነው የጻፍኩልህ።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ቸርችል ጎዳና ነበርኩ። ያ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚወርደው ቁልቁለት፣ በልጅነታችን እየተሯሯጥን የምንወርደው። አሥር ሰዓት ገደማ ነው፣ ተማሪ የሚለቀቅበት። የእግረኛ መንገዱ አሁን ሰፍቶ ብታየው አታውቀውም፣ ሰዉም በዚያው ልክ በዝቷል። እኔ ጥግ ይዤ ጫማ አስጠርጋለሁ። ሊስትሮው እግር ቀይር ለማለት ሳጥኑን በብሩሹ ጀርባ ኳ ኳ ሲያደርግ ሳይረን ሰማሁ።

አንዲት ነጭ ቪትዝ ቁልቁለቱን እየበረረች መጣች። ከኋላዋ ፓትሮል። ፊት ለፊቷ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ቆሞ ነበርና ሾፌሩ መሪውን ወደ እኛ ጠመዘዘው። ልጁን በኮሌታው ይዤ ሳብኩት፤ እንዴት እንደሳብኩት አላውቅም። ጎማው ጠርዙን ወጥቶ ሳጥኑን ጨፍልቆት አለፈ። ጥቁሩ ቀለም ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። ፓትሮሉም አልቆመም፣ ማባረሩን ቀጠለ። ልጁ አላለቀሰም። ብሩሾቹን እየለቀመ «ሳጥኑ እኮ የኔ አይደለም» ነው የሚለው፣ ደጋግሞ።

ሰውየው ምን አድርጎ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ቀይ መብራት ጥሶ፣ ቁም ሲባል እምቢ ብሎ ነው አሉኝ። በቃ። ታርጋውን ደግሞ እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ አይቶታል። ከሁለት ቀን በኋላ መኪናዋ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆማ በታርጋዋ ተገኘች ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ስለ ነገሩ ሳነብ ሰነበትኩ። አንተ ያለህበት ጆርጂያ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 2001፣ አንድ የ19 ዓመት ልጅ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት መንገድ ላይ 117 ሲነዳ ተገኘ። አልቆም አለ፣ አባረሩት፣ ፖሊሱ ከኋላ ገጨውና መኪናው ተገለበጠ። ልጁ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። ክሱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2007 ዳኞቹ 8 ለ 1 ለፖሊሱ ፈረዱ። ብቻውን የተቃወመው ዳኛ ስቲቨንስ ያለው ነገር ነው ውስጤ የቀረው፦ ታርጋውን ይዘውት ነበር፣ በኋላ ሊይዙት ይችሉ ነበር። ልክ እንደ ቪትዟ!

የአብዛኞቹ ዳኞችም ሐሳብ ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። ፖሊስ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚተው ከሆነ ሁሉም ጋዝ ረግጦ ያመልጣል ነው የሚሉት። እውነት አለው። ኒውዚላንድ በ2020 መጨረሻ ላይ የፖሊስ ማሳደድን አጥብቃ ገደበች። የሚያመልጠው በዛ፣ የሚሞተው ግን ቀነሰ። በ2023 መመሪያውን መልሰው አላሉት። እኔ ብሆን ኖሮ አላላላውም ነበር። እዚያ አንተ ጋ፣ አሜሪካ፣ ከ2017 እስከ 2022 ባለው ጊዜ በፖሊስ ማሳደድ ሳቢያ ከ3,000 በላይ ሰው ሞቷል፤ ከነዚህ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩት ምንም የማያውቁ መንገደኞች ናቸው።

ሰው አግቶ የሚሮጥ፣ ሰው ገድሎ ሌላም ሊገድል የሚሄድ ከሆነ ይባረር፣ እስከ መጨረሻው ይባረር። መብራት የጣሰ ግን ለምን? መኪና የሰረቀስ ትለኛለህ። መኪና ነው። ይገኛል፣ ካልተገኘም ይቅር።

የእኛን መንገድ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። እዚያ ብዙው ባለ አጥር አውራ ጎዳና ነው፣ በእግሩ የሚሄድ ጥቂት ነው። ፒያሳና ለገሃር መሀል ግን ሰው ሁሉ እግረኛ ነው፤ እናት ልጅ አዝላ፣ ሽማግሌ በከዘራ፣ ተማሪ እየተጋፋ። በሰዓት 80 የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። አንድ ሰው ሳይረን ሰምቶ ዞር እስኪል ዜብራው አልቋል። ደግሞ መንገዱ ላይ የሚበሩት ሁለት መኪናዎች ናቸው፣ አንድ አይደለም፤ ሁለተኛዋን ያመጣናት ራሳችን ነን።

ለልጁ እኔና እዚያው ቡና የምታፈላዋ ልጅ አዋጥተን ሳጥን አሠራንለት። ትናንት ሳልፍ አየሁት። ድሮ ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው፤ አሁን ዞሯል፣ ጫማ እየጠረገ በየመሀሉ ቀና ይልና ሽቅብ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ያያል።

ያ የላክልኝ ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ? ያኔ አልጠየቅኩህም። ካወቅህ ጻፍልኝ። እማዬ ሰላም ብላሃለች፣ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ነው።