ቮይጼክ ጆሃንስበርግ ሲገባ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የጀርመን ተውኔቶች ወደ አፍሪካንስ፣ ከደች ወደ ወጣው የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ፣ ስለ መተርጎማቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ስለሆኑ ቃሉን ማሻገር ብዙ አይከብድም። ከባዱ ተውኔቱን ወደ አዲሱ አገር ማስገባት ነው።

ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ጌኦርግ ቡሽነር እ.ኤ.አ. በ1837 በ23 ዓመቱ ሲሞት «ቮይጼክ» የተባለውን ተውኔቱን አልጨረሰውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ደቡብ አፍሪካዊው ሠዓሊ ዊሊያም ኬንትሪጅና ሃንድስፕሪንግ የአሻንጉሊት ቲያትር ተውኔቱን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አኖሩት። ምስኪኑ ጀርመናዊ ወታደር ቮይጼክ በ1950ዎቹ ጆሃንስበርግ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ጥቁር ሠራተኛ ሆነ። በዋናው ተውኔት ትርኢት የሚያሳየው ፈረስ ደግሞ እዚህ አውራሪስ ነው! ከእንጨቶቹ አሻንጉሊቶች ጀርባ የከሰል ሥዕሎች ይንቀሳቀሳሉ።

ሥራው በአፍሪካንስ አልተሠራም፤ ቢሆንም የአፍሪካንስ ተርጓሚዎች ሊያዩት የሚገባ ድፍረት አለው። እባካችሁ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ቦታ ስጡት።

አንባቢያችሁ